የቁም ጸሐፊው ምስክርነት፦ የቱዶሮች ዙፋንና የሼክስፒር «ሦስተኛው ሪቻርድ»

በሼክስፒር «ሦስተኛው ሪቻርድ» ተውኔት ውስጥ ስም ያልተሰጠው አንድ ቁም ጸሐፊ አለ። ወደ መድረክ የሚወጣው አንድ ጊዜ፣ ያውም ለብቻው ነው፤ የሚናገረውም ከአሥራ አራት ስንኝ አያልፍም። በእጁ የያዘው የሎርድ ሄስቲንግስን የክስ ጽሑፍ ነው። ይህን ጽሑፍ አሳምሮ ለመገልበጥ አሥራ አንድ ሰዓት እንደፈጀበት፣ ረቂቁን ማዘጋጀትም የዚያኑ ያህል እንደወሰደ ይናገራል። ሄስቲንግስ ግን ከአምስት ሰዓት በፊት ማንም ያልከሰሰው፣ ማንም ያልመረመረው ነፃ ሰው ነበር። አሁን አንገቱ ተቀልቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክሱ ተጽፎ ያለቀው ሰውየው ከመያዙ በፊት ነው። ጸሐፊው ይህን የማያይ እንደሌለ፣ አየሁ ብሎ የሚናገር ግን እንደማይገኝ በምሬት ገልጾ ይወጣል።

ተውኔቱ ረጅም በመሆኑ አንዳንድ አዘጋጆች ይህችን ትዕይንት ቆርጠው ይጥሏታል። የታሪኩ ፍሰት ያለ እርሷም አይሰናከልም። ይሁንና የእንግሊዝ ነገሥታት ዙፋን እንዴት እንደያዙና እንዴት እንዳጸኑት ተውኔቱ የሚናገረው ትልቁ ነገር ያለው በዚህች ትንሽ ትዕይንት ውስጥ ነው።

«ሦስተኛው ሪቻርድ» በተለምዶ የሚነበበው የአሸናፊዎች ታሪክ ሆኖ ነው። ለዚህ ንባብ በቂ ምክንያት አለ። ሪቻርድን ድል ነሥቶ የቱዶር ሥርወ መንግሥትን የመሠረተው ሰባተኛው ሄንሪ፣ ፖሊዶር ቨርጂል የተባለውን ጣሊያናዊ የእንግሊዝን ታሪክ እንዲጽፍ አዝዞ ነበር። ስለ ሪቻርድ የጻፈው ቶማስ ሞርም በልጅነቱ ያገለገለው የሄንሪ ታማኝ በነበሩት በካርዲናል ሞርተን ቤት ነው። ከእነዚህ የተቀዳው ታሪክ በሆልና በሆሊንሸድ ዜና መዋዕሎች በኩል ለሼክስፒር ደረሰ። በእርሱ እጅ ሪቻርድ ጎባጣና ክንደ ሽባ ጭራቅ ሆነ። በ2012 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር የተገኘው የንጉሡ አፅም ግን ሌላ ነገር አሳየ። አከርካሪው ወደ ጎን የተጣመመ ነበር፤ ጎባጣነቱና የሰለለው ክንድ ግን ፈጠራ ነበሩ።

እስከዚህ ድረስ ለሼክስፒር የቤተ መንግሥት አዝማሪነት ማስረጃው የተሟላ ይመስላል። ነገር ግን የቁም ጸሐፊውን ወረቀት ይዞ ወደ ሰባተኛው ሄንሪ እውነተኛ ታሪክ የሚመለስ አንባቢ አንድ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል።

ሄንሪ ቱዶር በቦስወርዝ ሜዳ ያሸነፈው ነሐሴ 22 ቀን 1485 ነው። ንግሥናው የጀመረበት ቀን ሆኖ በሕግ የተጻፈው ግን ነሐሴ 21 ነው። ይህች የአንድ ቀን ልዩነት የጸሐፊ ስህተት አልነበረችም። ንግሥናው ከጦርነቱ በፊት ከጀመረ፣ በማግስቱ ዘውድ ለጫነው ለሪቻርድ የተዋጉት ሁሉ በንጉሣቸው ላይ ያመፁ ከሃዲዎች ይሆናሉ፤ ርስታቸውም ለአሸናፊው ይወረሳል። ፓርላማው ይህንኑ አጸደቀ። በዚያው ዘመን የተጻፈው የክሮውላንድ ገዳም ዜና መዋዕል በሁኔታው ማዘኑን አልደበቀም፤ ለንጉሡ ታምኖ የዘመተ ሰው በኋላ በከሃዲነት የሚፈረድበት ከሆነ፣ ወደፊት ማን ደፍሮ ለንጉሥ ይዋጋል?

እንግዲህ ክስን ከወንጀል ማስቀደም በተውኔቱ ውስጥ የሪቻርድ ተንኮል ነው። በታሪክ ግን ሰባተኛው ሄንሪም ይህንኑ ብልሃት ተጠቅሞበታል፤ ያውም በአንድ ሎርድ ላይ ሳይሆን በተሸነፈው ጦር መሪዎች ላይ።

የሄንሪ ቀሪ ሥራም በአብዛኛው የወረቀትና የትዕይንት ሥራ ነበር። የዘር ሐረጉ ደካማ ስለነበር ፓርላማው ዘውዱ የእርሱና የወራሾቹ መሆኑን ሲደነግግ ምክንያቱን አላብራራም። ሪቻርድ የወንድሙን የአራተኛው ኤድዋርድን ልጆች ዲቃላ ያሰኘበት አዋጅ ሳይነበብ እንዲሻር፣ ቅጂዎቹም ሁሉ እንዲጠፉ ታዘዘ፤ ሄንሪ ሊያገባት ያሰባት ኤልሳቤጥ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበረችና። ዘውዱን የጫነው በጥቅምት 1485፣ ጋብቻውን የፈጸመው ግን በጥር 1486 ነው፤ በሚስቱ ነገሠ እንዳይባል። ቀይና ነጭ ጽጌረዳ የተዋሐዱበት ዓርማ በየግድግዳው ተሣለ። ከጽጌረዳው ጀርባ ግን ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። መኳንንቱ ታማኝነታቸውን ቢያጓድሉ የሚከፍሉትን ከባድ ገንዘብ አስቀድመው በውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ከልጅነቱ ጀምሮ በለንደን ግንብ ታስሮ የኖረው የዎሪክ መስፍንም፣ ትልቁ ጥፋቱ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘር መሆኑ ነበርና፣ በ1499 አንገቱ ተቀላ።

ሼክስፒር ይህን ሁሉ በተውኔቱ አላነሣም፤ ሊያነሣም አይችልም ነበር። የምትገዛው የሄንሪ የልጅ ልጅ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ነበረች፤ ተውኔት ሁሉ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት በቤተ መንግሥቱ የትርኢት ሹም ይመረመራል። ያደረገው ነገር ሌላ ነው፤ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ ሠሪውን ጭራቅ አድርጎ አሳየ። ሪቻርድ የጸሎት መጽሐፍ ይዞ በሁለት ጳጳሳት መካከል ሲቆም፣ ቡኪንግሃም ዘውዱን እንዲቀበል ሲለምነው፣ እርሱም አልፈልግም ሲል ተመልካቹ የድራማውን ዝግጅት አስቀድሞ ያውቃል። ከዚያ በፊት ቡኪንግሃም ሕዝቡን ለሪቻርድ እልል ሊያሰኝ ሞክሮ ያገኘው ዝምታን ብቻ ነው። ይህን ያየ ተመልካች፣ በመጨረሻ ሪችመንድ የተባለው ሄንሪ ዘውዱን ጭኖ ስለ ሰላምና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ሲናገር፣ ጆሮው እንደ ድሮው አይደለም። የተውኔቱ ድክመት የሚባለውም እዚህ ላይ ነው። ሪችመንድ ደብዛዛ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ንግግሩ እንደ አዋጅ የተስተካከለ፣ እንደ አዋጅም ነፍስ የሌለው ነው። ሆኖም ይህ ድክመት ተውኔቱን ሐቀኛ ያደርገዋል፤ ብዕሩ ከአሸናፊው ይልቅ ለተንኮሉ አሠራር ነቅቷልና።

ቁም ጸሐፊውን ሼክስፒር ከባዶ አልፈጠረውም። የክሱ አዋጅ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ሕፃን እንኳ ሊያውቀው እንደሚችል የጻፈው ሞር ነው። በሞር ታሪክ ግን በነገሩ የሚቀልዱት አዋጁ ሲነበብ የሰሙት አንድ መምህርና አንድ ነጋዴ ናቸው። ሼክስፒር ቀልዱን ትቶ ምስክርነቱን ለራሱ ለገልባጩ ሰጠው። ውሸቱን በገዛ እጁ አሳምሮ የጻፈው ሰው፣ ውሸት መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ያወቀው ሰው ነው። ከሞር የተለየው ሼክስፒር ይህ ነው።

ቤተ መንግሥቱም የዚህን ጥበብ አደገኛነት ያውቅ ነበር። «ሁለተኛው ሪቻርድ» በ1597 ሲታተም ንጉሡ ዘውዱን የሚያስረክብበት ትዕይንት አልነበረበትም፤ በምክንያቱ ላይ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ። ትዕይንቱ በኅትመት የወጣው ኤልሳቤጥ ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1608 ነው። በየካቲት 1601 የኤሴክስ መስፍን ደጋፊዎች በአመፃቸው ዋዜማ ስለዚሁ ንጉሥ መውረድ የሚናገር ተውኔት እንዲታይ ለተዋንያኑ 40 ሺሊንግ ጨምረው ከፈሉ። ተዋንያኑ የሼክስፒር ጓዶች ነበሩ፤ ተውኔቱም የእርሱ እንደሆነ ይታመናል። አመፁ በአንድ ቀን ከሸፈ፤ መስፍኑም በዚያው ወር ተሰየፈ።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአበው ብሂል ለቱዶሮች የልብ ጸሎት በሆነ ነበር። በጥር 1649 ግን ቀዳማዊ ቻርልስ፣ ሁለተኛው ሪቻርድ ከሥልጣን በወረደበት በዚያው የዌስትሚኒስተር አዳራሽ ለፍርድ ቀረበ፤ ተከሰሰም። የተሰየፈው በኋይትሆል የግብዣ አዳራሽ ደጃፍ ነው። በዚያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የአባቱ የጄምስ ወደ ሰማይ ማረግ በሩበንስ ተሥሎ ነበር። ሥዕሉ ዙፋኑን አላዳነም።

ሼክስፒርን በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ማክቤዝ»ና «ሐምሌት» ያወቀ የአማርኛ አንባቢ፣ በደም የተያዘ ዙፋን የያዘውን ሰው እንቅልፍ እንደሚነሣ ያውቃል። «ሦስተኛው ሪቻርድ» በዚህ ላይ የሚጨምረው ከነፍሰ ገዳዩ ጎን የሚቀመጠውን ጸሐፊ ነው። ጎራዴ ዙፋኑን ይይዛል፤ ዙፋኑ የሚጸናው ግን ቀኑን በሚያስተካክል፣ ክሱን አስቀድሞ በሚያሰናዳ፣ ያልተፈለገውን አዋጅ በሚያጠፋ ብዕር ነው። ያ ብዕር ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ሰው እጅ ውስጥ ነው፤ ያም ሰው አሥራ አንዱን ሰዓት ሙሉ ምን እየጻፈ እንደሆነ ያውቃል።