የሕፃናት መጻሕፍት በቤት ውስጥ፦ ቁጥርና ድምፅ

ለሕፃናት በቤት ውስጥ መጻሕፍት ስለ ማሰባሰብ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከቁጥር ይነሣል። ኤቫንስና የሥራ ባልደረቦቿ በ27 አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጥናት፣ ብዙ መጻሕፍት ባሉበት ቤት ያደጉ ልጆች መጽሐፍ በሌለበት ቤት ካደጉት ይልቅ ረዘም ላሉ ዓመታት በትምህርት እንደሚቆዩ ማሳየቱ ለዚህ ምክር መደገፊያ ሆኗል። ይሁን እንጂ የተቈጠሩት መጻሕፍቱ እንጂ ማታ ማታ ለልጁ የተነበቡት ገጾች አይደሉም። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገርም አንድ መጽሐፍ ለመግዛት የሚቸገረውን ወላጅ ገና ከጅምሩ ተስፋ ያስቈርጠዋል።

በአማርኛ ረገድ ጉዳዩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ፊደላችን የቃላትን መጥበቅና መላላት አያመለክትም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ግን ይገኛል ማለት ነው። በተረት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ይህ ቃል የሌለበት ገጽ የለም ለማለት ይቻላል። ፊደል የለየ የስድስት ዓመት ልጅ «አንበሳውም አለ» ከሚለው ላይ ሲደርስ አንበሳው መናገሩን ወይም መኖሩን ፊደሉ አይነግረውም። የሚረዳው ቀደም ሲል ከታላቅ ሰው አፍ የሰማው ንባብ ነው። ስለሆነም መጽሐፍ የሚመረጠው ጮክ ተብሎ ሲነበብ በሚሰጠው ድምፅ መሆን ይገባዋል።

በዚህ መለኪያ ሲታዩ ብዙዎቹ የተረት መጻሕፍት ጉድለት አለባቸው። ዐረፍተ ነገሩ አምስት መስመር ተጉዞ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ብቅ ሲል ሕፃኑ ባለቤቱን ረስቶታል። ከተረቱ ግርጌ የሚታተመው ምክርም ልጁ ሊጠይቅ ያሰበውን ጥያቄ ቀድሞ ይዘጋበታል። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ቃላቱ ለአራት ዓመት ልጅ ቢከብዱም ግጥሙ ለጆሮ ስለሚመች ደጋግሞ ለማንበብ ይጋብዛል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ተረት ሲናገሩ ቃሉን ያጠብቁና ያላሉ የነበረው በአንደበታቸው ነው። ተረት በወረቀት ሲታተም የሚጐድለው ይኸው ነው።

አምስት ወይም ስድስት ስስ መጻሕፍት ለመነሻ ይበቃሉ፤ ቦታቸው ግን ልጁ እጁን ዘርግቶ በሚያገኛቸው ዝቅተኛ ስፍራ ነው። በመስተዋት ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር ተቈልፎ የተቀመጠ መጽሐፍ አይቀደድም፤ አይነበብምም። ማንበብ የማይችሉ አያት ባሉበት ቤት ደግሞ የሚናገሩት ተረት በደብተር ላይ፣ አጠር ባሉ ዐረፍተ ነገሮች፣ በየገጹ ለልጁ ሥዕል የሚሆን ባዶ ቦታ እየተተወ ሊጻፍ ይችላል። በደብተሩ ላይ አንድ ቃል እንዴት እንደሚነበብ ያልገባው ልጅ የሚጠይቃቸው ባለቤት በቤቱ አሉ።