ኮዱ የማን ስልክ ላይ ይመጣል?

ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ላይ ስልክ የሚጠግን ሰው ስልክ ብቻ ጠግኖ ወደ ቤቱ አይገባም። ስክሪኑን ቀይሬ፣ የቻርጀር ማስገቢያውን በይጄ፣ ሂሳቤን ከተቀበልኩ በኋላ ደንበኛው ከወንበሩ አይነሳም። «በዚያው ፌስቡክ ክፈትልኝ» ይላል አንዱ። «ኢሞውን ጫንልኝ ልጄ፣ ልጄ ሪያድ ናት» ይላሉ አንዲት እናት። «ፍሪ ፋየሬ ጠፋብኝ፣ ብልሃት ካለህ» ይላል ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ። ይህ ሥራ የወጣለት ስም የለውም፤ የተቆረጠ ዋጋም የለውም፤ የሰጡኝን እቀበላለሁ። እኔ ግን ሙያዬ አድርጌ የምቆጥረው ይሄኛውን ነው። ስክሪን ባበላሽ ሌላ ስክሪን ገዝቼ እተካለሁ። አካውንት ላይ ብሳሳት የማጠፋው የሰው ስም ነው፣ የሰው ፎቶ ነው፣ አንዳንዴም የልጅ ድምፅ ነው።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ስም ነው። ሰይድና መሐመድ በየቤታችን አለ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሌላ፣ ፌስቡኩ ላይ ሦስተኛ ነው። በራሳችን ፊደል እንጻፈው ብንልም አያርፍም። ሰይድና ሠይድ፣ አሊና ዓሊ፣ ጸሐይና ፀሀይ ለእኛ አንድ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው። ስለዚህ ማሽኑ ሰ እና ሠ ወንድማማች መሆናቸውን በራሱ አያውቅም። ጅዳ ያለች እህት የወንድሟን ስም በአንዱ ሰ ስትፈልግ፣ እሱ በሌላኛው ሠ ተመዝግቦ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፤ ዋናውን ስም መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ሆሄ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ። ከዚያ ፌስቡክ «ሌላ ስም» ብሎ በሚሰጠው ቦታ ላይ የፊደሉን ስም እጨምራለሁ። ዘመድ በሁለቱም በኩል ያገኘዋል። አካውንቱ አንድ ቀን ተቆልፎ መታወቂያ ቢጠየቅም ስሙ ከካርዱ ጋር ይገጥማል።

ልጆቹ የሚፈልጉት ሌላ ነው። በአበባና በሰይፍ የታጀበ ስም ይፈልጋሉ፤ ፍሪ ፋየር ላይ ደግሞ የማይታይ ስም። የማይታየው ስም ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ኮሪያውያን በፊደላቸው ውስጥ ቦታ ለመያዝ ብቻ ያስቀመጡት፣ ራሱ ግን ምንም ቅርጽ የሌለው አንድ ሆሄ አለ። እሱን ቀድቶ ስም መጻፊያው ላይ መለጠፍ ነው፣ ጨዋታው የሚቀበለው እስከሆነ ድረስ። አሳያቸዋለሁ፤ ማንንም አይጎዳምና። ጌጠኛ ሆሄ ግን ፌስቡክ ላይ አታድርጉ እላቸዋለሁ፤ የአጎታችሁ ልጅ ስማችሁን ጽፎ ሲፈልግ አያገኛችሁም። ጌጠኛ ጽሑፍ በሚያመርቱት ገጾች ላይ ደግሞ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። ፈረንጆቹ ስማቸውን ለማስጌጥ ከሚበደሩት ውስጥ የእኛ ፊደል ይገኝበታል፤ ሀ-ን በዩ ቦታ፣ ዐ-ን በኦ ቦታ አድርገው ይጽፋሉ። የገራዶ ልጅ ፈረንጅ ለመምሰል የተወውን ፊደል፣ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ጌጥ አድርጎ ለብሶታል። ይህን ለልጆቹ ነግሬያቸው፣ አንዳንዶቹ ስማቸውን በፊደል ለመጻፍ ሞክረዋል። በአንዳንዱ ጨዋታ ሣጥን ሣጥን እየሆነ ይወጣል፤ እሱም ያናድደኛል።

የልደት ቀን ከስሙ የባሰ ነው። በ1997 የተወለደች ልጅ 1997 ብላ ትሞላለች፤ ፌስቡክ ግን በፈረንጅ ስለሚቆጥር በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃታል። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት የ12 ዓመት ልጅ እንደ 20 ዓመት ጎልማሳ ተመዝግቦ፣ ለጎልማሳ የሚታየው ሁሉ ይታየዋል። ወላጆች «ይህ ስልክ ከየት ነው ይህን የሚያመጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው የልደቱን ቀን ነው። ዘዴው አይከብድም፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 መጨመር ነው። ልደታቸውን የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ የመታወቂያውን ቀን እወስዳለሁ፤ የፋይዳ ካርድ ካላቸው የፈረንጁም ተጽፎበት ስለሚገኝ እፎይ እላለሁ። ከገዛ ራሴ ፈጥሬ አልሞላም። ድሮ እሞላ ነበር፤ ያወጣሁትን ቀን እኔም እነሱም ረሳነውና ስንቱ በር ተዘጋ።

ድሮ ከዚህ የባሰም አድርጌያለሁ። ኢሜይል የሌለው ሰው ሲመጣ የራሴን ኢሜይል አስገባለት ነበር። ሲም ካርዱ ገና ያልወጣለት ሲመጣ ኮዱን በራሴ ቁጥር እቀበልለት ነበር። ለእነሱ ፈጣን ነው፣ ለእኔም ቀላል ነው፤ ማታ ቢጠፋባቸው ጠዋት መልሼ እከፍትላቸው ነበር። እንደ ውለታ ነበር የማየው። ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደመወዝ ይዘው መጥተው የመጀመሪያ ታች ስልካቸውን የገዙ ልጆች ሳይቀሩ፣ በእኔ ኢሜይል ፌስቡክ ከፍተው ሄደዋል። አንድ ቀን የእኔ ስልክ ተሰረቀ። ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ የሰረቀው ሰው የያዘው የእኔን ስልክ ብቻ አልነበረም፣ የሰላሳ ምናምን ሰው የቤት ቁልፍ ነበር። ኢሜይሌን ቀድሜ ስለዘጋሁት የከፋ ነገር አልደረሰም። ግን ሌሊቱን ሙሉ የማንን ኢሜይል የት እንዳስገባሁ ለማስታወስ ስሞክር አደርኩ፤ ግማሹን አላስታወስኩም።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አካውንት ክፈትልኝ ሲለኝ አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ኮዱ የማን ስልክ ላይ ይመጣል? ሲሙ በማን ስም ነው የወጣው? ወንድምዎ አውጥቶልዎት ከሆነና ወንድምዎ ከሄደ፣ ሲሙ ሲጠፋ የሚያስተካክለው ማነው? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ያን ጊዜ የአካውንትዎ ኮድ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል። ሰውየው ሌባ ባይሆንም እንኳ።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የተማርኩት ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። አንዲት እናት አሉ፤ እዚሁ ገራዶ፣ ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ማንበብ አይችሉም። ቴሌግራሙን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ የልጅቱን ፎቶ ትልቅ አድርጌ፣ ከላይ ፒን አድርጌ፣ «እማማ፣ ይህችን ፊቷን ይንኩ፣ ከዚያ ይህቺን ማይክ ጫን አድርገው ይናገሩ» ብዬ አስተምሬያቸው። ማንበብ ለማይችል ሰው ፎቶው ነው ፊደሉ፤ ከዚያ በፊት የማንንም እናት ስልክ እንዲህ አላሰናዳሁም ነበር። እሳቸውም በደንብ ለመዱት። ልጅቱ በድምፅ ስትልክ ማታ ማታ ደጋግመው ያዳምጣሉ። የዓመታት ድምፅ ነበር እዚያ ውስጥ።

ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ በሚለው ስር፣ ይህን ያህል ጊዜ ካልገባሁ አካውንቴ ይጥፋ የሚል መስመር አለ። በዚያን ጊዜ ሰው ካልቀየረው በቀር 6 ወር ነበር። መስመሩን አውቀዋለሁ። ለራሴ ወደ አንድ ዓመት ቀይሬዋለሁ። ለእማማ አልቀየርኩም፤ ስልኩን በየቀኑ የሚከፍቱ ሴት ስድስት ወር ይጠፋሉ ብዬ አላሰብኩም። ኢንተርኔቱ ከግማሽ ዓመት በላይ ቆየ። የሚችል ሰው ዋይፋይ ያለበት ፈልጎ ይከፍት ነበር፤ እሳቸው የት ብለው ይፈልጋሉ?

ሪያድ ያለችው ልጅ አንድ ቀን ቴሌግራሟን ስትከፍት የእናቷ ፎቶ የለም። በእሱ ቦታ የመንፈስ ሥዕል ነው ያለው፤ ስማቸው የነበረበት ቦታ ላይ «የጠፋ አካውንት» የሚል ጽሑፍ። ምን እንዳሰበች መናገር አያስፈልገኝም። በቀጥታ መስመር ደውላ የእናቷን ድምፅ እስክትሰማ ድረስ ሥራ መያዝ አልቻለችም ነበር አሉኝ እማማ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስልኩን ይዘው መጡ። በቁጥራቸው መልሼ ከፈትኩት፤ ተከፈተ፣ ባዶ ነበር። «ድምጿስ?» አሉኝ። መስመሩ እዚያው ነበር፣ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «አብሽር ልጄ፣ እሷ ደህና ናት» አሉኝ፤ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። አካውንት ሲጠፋ የሚጠፋው በአንዱ በኩል ነው፤ በሌላኛው ሰው ስልክ ላይ ንግግሩ ይቀራል። ልጅቱ ጋ ደወልን። ከዚያ የመንፈስ ሥዕል ካለበት ቦታ ውስጥ የራሷንም የእናቷንም ድምፅ እየመረጠች ወደ አዲሱ አካውንት ትልክ ጀመር። አርብ አርብ፣ ዕረፍት ስታገኝ። ለሳምንታት ቆየ።

ከዚያ በኋላ አካውንት ስከፍት ያንን መስመር ሳላስረዝም ስልኩን አልመልስም። የሁለተኛውን ደረጃ ፓስወርድ ሳላስገባም አልመልስም፤ ምክንያቱም ሌላው የዘመኑ መከራ እሱ ነው። የሚያውቁት ሰው በቴሌግራም ይጽፋል፤ «ልጄ ውድድር ላይ ነች፣ ድምፅ ስጡልኝ»። ሊንኩን ሲነኩት ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ሲሰጡ አካውንቱ ይሄዳል፤ ከዚያ በእርስዎ ስም ለዘመድዎ ሁሉ ያው መልእክት ይላካል። ፓስወርድ የተጨመረበት ከሆነ ግን ኮዱ ብቻውን በሩን አይከፍትም። ተጠልፎ የመጣ ካለ መጀመሪያ «ዲቫይስ» የሚለውን እከፍታለሁ፤ በአካውንቱ የገቡ ስልኮች ሁሉ እዚያ ተዘርዝረው ይታያሉ፣ የማናውቀውን እናስወጣለን። በቶሎ ከመጡ ይድናል።

ፓስወርድን ወረቀት ላይ አትጻፉ የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ለገራዶ እናት ይህ ምክር ልክ አይመስለኝም። የእማማን ሳጥን ከፍቶ ወረቀት የሚሰርቅ ሰው የለም፤ የሚጠፋው ስልኩ ነው፣ የሚጠፋው ማስታወስ ነው። ስለዚህ በትንሽ ወረቀት ላይ ስም፣ የሞላነውን ልደት፣ ቁጥሩን፣ ፓስወርዱን ራሳቸው ወይም የሚያምኑት ልጅ ይጽፋል። ከመታወቂያቸው ጋር፣ ብር በሚቋጥሩበት ጨርቅ ውስጥ ይገባል። ያ ቋጠሮ ከየትኛውም መተግበሪያ ይልቅ አስተማማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። በ2016 ክረምት ገራዶም ደሴም ሐምስተር ሲነካ ነበር የከረመው። ያው ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈት ጨዋታ ነው፤ ሳንቲሙን መነካካት፣ የዕለቱን ሦስት ካርዶች ማግኘት፣ የዕለቱን ቃል በሞርስ ኮድ አጭርና ረጅም እየነኩ መጻፍ። ግንቦት ላይ ኖትኮይን ለአንዳንዱ ብር አስገኝቶ ስለነበር ተስፋው ትልቅ ነበር። ካርዶቹን በነፃ አሳይ ነበር፤ እነሱን በብር የሚሸጥ ሰው መኖሩ አሳዝኖኛል። ልጆቹ ከመነካካቱ ይልቅ የሚቸገሩት በኋላ ነበር፤ ሳንቲሙ የሚሸጥበት መገበያያ ማንነት ሲጠይቅ የአያታቸውን መታወቂያ ይዘው ይመጡና «ፊታቸውን አስነሳልን» ይሉኛል። ይህን አልሠራም አልኳቸው። አያትየው በማያውቁት ነገር ባለቤት ሊሆኑ ነው፤ ገንዘቡም ከመጣ በእሳቸው ስም፣ ዕዳው ከመጣም በእሳቸው ስም። ሳንቲሙ በመስከረም 16 ቀን 2017፣ የደመራ ዕለት ወጣ። ብዙዎቹ ከጠበቁት እጅግ ያነሰ ነበር የደረሳቸው። የመጣላቸውንም ያጡ ነበሩ፤ የዋሌታቸውን ቁልፍ፣ እነዚያን 24 ቃላት፣ በስክሪንሾት ይዘው ስልኩን የሸጡ።

ፍሪ ፋየር ላይም ነገሩ ያው ነው። ልጁ «ጌስት» ብሎ ገብቶ ለወራት ይጫወታል፤ ስልኩ ሲሞላበት መተግበሪያውን ያጠፋል፤ ደረጃውም ዳይመንዱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ብልሃቱ ገና በመጀመሪያው ቀን ከራሱ ኢሜይል ጋር ማሰር ነው። በራሱ፣ በእኔ አይደለም። «ዳይመንድ እሞላልሃለሁ፣ ፓስወርድህን ላክ» ለሚል ሰው ደግሞ የሚላክ ነገር የለም፤ መሙላት ለሚፈልግ ሰው መለያ ቁጥሩ ይበቃዋል።

ትናንት አንዲት ወጣት መጣች፣ ለእናቷ ቴሌግራም ልታስከፍት፣ እናትየውን ይዛ። ቁጥሩ በእናትየው ስም መሆኑን ጠየቅኩ፤ ነው። ኮዱ በእሳቸው ስልክ መጣ፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገረቻቸው፣ እሳቸው በጣታቸው ነኩ። ወደ ፓስወርዱ ስንደርስ ስልኩን ገፋ አድርጌ ሰጠኋቸውና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። «ምን ልበል?» አሉ። «ለእኔ አይንገሩኝ እማማ፣ የማይረሱትን ነገር ይበሉ» አልኳቸው። ከኋላዬ እናትና ልጅ በሹክሹክታ ሲከራከሩ ይሰማኛል፣ የላሟ ስም ይሁን ወይስ የመንደሩ። አንድ ባጃጅ አለፈ። «ጨረስን» አሉኝ።