ኃጢአት ያልተገኘባት ጦረኛ

በአጥቢያዎ ካሉ ወጣቶች አንዳንዶቹ «ዘ ውማን ኪንግ» የተሰኘውን ፊልም ሳያዩት አልቀሩም። ጂና ፕሪንስ ባይትውድ ያዘጋጀችውና በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም አጎጂ ስለሚባሉት ሴት ጦረኞች ይተርካል፤ አገራቸው ዳሆሜ ዛሬ ቤኒን በምትባለው ምድር የነበረ መንግሥት ነው። ደም ይበዛበታል፤ ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም። ስለ ሴት የሚናገረውን ግን መጋቢ የሆነ ሰው ሊመረምረው ይገባል።

በጦርነት ፊልም ውስጥ ሴት ብዙ ጊዜ የምትገባው ጀግናው እንዲያድናት ወይም ተመልካች ውበቷን እንዲያይ ነው። እዚህ ግን ጥቁር ሴቶች፣ ወጣቷም በዕድሜ የገፋችውም፣ ያዝዛሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ አንዷ የሌላዋን ቁስል ታክማለች። ካሜራው ሰውነታቸውን ለምኞት አያቀርብም፤ የሚያሳየን ጡንቻና ጠባሳ ነው። ከሁሉ የበለጠው ቪዮላ ዴቪስ የተጫወተቻት የጦር አዛዥ ናኒስካ የደበቀችው ነገር ነው። በወጣትነቷ ተማርካ ተደፍራለች፤ የወለደችውንም ሕፃን ከመስጠቷ በፊት የሻርክ ጥርስ ከቆዳዋ ሥር ቀብራለች። ከዓመታት በኋላ ናዊ በምትባል ምልምል ገላ ላይ ጠባሳውን ታያለች። ጥርሱ ሲወጣ የሁለቱን ፊት ማየት ይበቃል። ትዕማር በአምኖን ስትደፈር አባቷ ዳዊት ተቆጣ እንጂ ያደረገው ነገር የለም፤ ወንድሟ አቤሴሎምም ዝም እንድትል ነገራት (2ሳሙ. 13፥20-21)። ፊልሙ ያንን ዝምታ ሰብሮታል። (ይህን ምዕራፍ ከመድረክ የሰበከ ሰው ሰምተው ያውቃሉ? እኔ የሰማሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።)

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ታሪኩ የተቀመጠው በ1823፣ በንጉሥ ጌዞ ዘመን ነው። የዳሆሜ ሀብት በአመዛኙ ከምርኮኞች ሽያጭ ይመጣ ነበር፤ ዊዳ የተባለው ወደቧም ከአፍሪካ ታላላቅ የባሪያ መጫኛዎች አንዱ ነበር። አጎጂዎቹም ሰው ለመማረክ የሚዘምቱ ነበሩ። ፊልሙ ንግዱን አልካደም። ይሁን እንጂ የተቃውሞውን ቃል ለናኒስካ ሰጥቷታል፤ ሰው መሸጥ ቀርቶ የዘንባባ ዘይት ይሸጥ ብላ ንጉሡን ትመክራለች። በመክፈቻው ትዕይንትም ሴቶቹ መንደር የሚወርሩት የተማረከ ወገናቸውን ለማስፈታት ነው። በእውነተኛው ታሪክ ከ1818 እስከ 1858 የነገሠው ጌዞ ንግዱን ለማቆም የፈረመው በ1852፣ የብሪታንያ መርከቦች ወደቡን ከከበቡ በኋላ ነው። ያኔም ንግዱ ጨርሶ አልቆመም።

«ፊልም የታሪክ ትምህርት አይደለም፤ የወንድ ጀግኖችም ገድል ሲታጠብ ኖሯል» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ሰው ካለን አስተምህሮ የሚነሣ ነው። ሴት በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥራለች (ዘፍ. 1፥27) ካልን በፊቱም ተጠያቂ ናት ማለታችን ነው፤ ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋል ሲባል (ሮሜ 3፥23) እሷን የሚያስቀር ፊደል የለም። ፊልሙ ሴቶቹን ለማክበር ሲል በደላቸውን ወሰደባቸው። የተመልካቹን አድናቆት እንዲያገኙ ንጹሕ መሆን ነበረባቸው። እንዲህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ የተጣለበት ክብር ጎደሎ ነው።

መሳፍንት 5ን ከዚህ ጋር ያስተያዩት። በአንድ መዝሙር ውስጥ ዲቦራ አለች፣ ኢያዔል አለች፤ በመጨረሻም የሲሣራ እናት በመስኮት ቆማ ልጇን ትጠብቃለች። የምትጽናናው ወታደሮቹ ለእያንዳንዳቸው ሴት ልጅ ማርከው እየተካፈሉ ይሆናል በሚል ሐሳብ ነው (5፥30)። እናት ናት፣ ልጇ ሞቷል፣ የሌሎች እናቶች ልጆች መማረክ ግን አልከበዳትም። ሣራም ከአብርሃም ጋር የተስፋው ወራሽ ሆና ሳለ አጋርን አስጨንቃለች (ዘፍ. 16፥6)። መጽሐፉ የሴቶችን በደል ለመጻፍ አላፈረም፤ ኢያዔልን ከሴቶች ሁሉ የተባረከች ለማለትም አላመነታም።

እኛ ግን በሁለት ስብከቶች መካከል እንመላለሳለን። አንደኛው ዲቦራ የተነሣችው ወንድ ስለጠፋ ነው ይላል። ጽሑፉ ይህን አይልም፤ ባርቅ ከመጠራቱ በፊት እሷ ከዘንባባው በታች ተቀምጣ ትፈርድ ነበር (4፥4-5)። ሁለተኛው የእናቶች ቀን ስብከት ነው፤ በዚያ ቀን እናት እንከን የላትም። በመጀመሪያው ሴት ታንሳለች፣ በሁለተኛው ከሰው በላይ ትሆናለች፣ በሁለቱም ለንስሐ የሚጠራት የለም። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ ለወራት የያዘች እኅት በእሑድ አምልኮ ከፊት ተቀምጣ ስለ ናኒስካ ጀግንነት ብትሰማ ደስ ይላታል። ስለ ሲሣራ እናት የሚነግራት ግን መጋቢዋ መሆን አለበት፤ ሠራተኛዪቱም ከኋላው ወንበር ተቀምጣ ትሰማለች።