ያልቀጠርነው አሽከር

በየጁቤ ገበያ በሬ የገዛ ሰው ዋጋውን ከፍሎ፣ ምስክር አቁሞ በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሻጩ ከኋላው ተከትሎ «ዛሬ የት አሰማራኸው? ከማን በሬ ጋር ጠመድኸው?» እያለ አይጠይቀውም። ቢጠይቀውም ገዢው ዱላውን ያነሣበታል እንጂ መልስ አይሰጠውም፤ ሸጠ ማለት ለቀቀ ማለት ነውና። የዘመናችን ስልክና ኮምፒዩተር ግን ከዚህ ከቆየው የገበያ ሕግ ወጥተዋል። ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለ ወጣት ዕቃውን ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ ያልቀጠራቸው አሽከሮችም አብረውት ይገባሉ። አንዳንዶቹ በእውነት ይረዱታል። አንዳንዶቹ ዝም ብለው ያዩታል። አንዳንዶቹም ውጡ ቢባሉ አይወጡም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ ከቅርቡ ልጀምር። ቴክኖ የሚባለውን ስልክ የማያውቅ የአገራችን ወጣት የለም። አምራቹ ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ በኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋጋው ለድኻ ስለሚቀርብና በአማርኛም ስለሚጻፍበት ምስጋና አይነፈገውም። ይሁን እንጂ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፕስትሪም የተባለ የስልክ ማጭበርበርን የሚከታተል ድርጅትና በዝፊድ የተባለ የአሜሪካ የዜና ድርጅት የሚያሳዝን ነገር ገለጡ። ቴክኖ ደብልዩ 2 በሚባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ተንኮለኛ ፕሮግራሞች፣ ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተተክለው ተገኙ። ሥራቸው ባለቤቱ ሳያውቅ በስሙ የክፍያ አገልግሎት መግዛት፣ የካርድ ሒሳቡንና ዳታውን መብላት ነበር። አፕስትሪም ከ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከ200,000 ከሚበልጡ የኩባንያው ስልኮች 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች መዝግቤአለሁ አለ፤ ደብልዩ 2 ከተገኘባቸው አገሮችም ከካሜሩን፣ ከግብፅ፣ ከጋናና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የኢትዮጵያ ስም ተጠራ።

ኩባንያው ጥፋቱን በአቅርቦቱ ሰንሰለት ውስጥ ባለ ሌላ ሰው ላይ አደረገው፤ ማረሚያም አውጥቼአለሁ አለ። ይህን መልስ ሐሰት ነው ልል አልችልም። ነገር ግን ለተጎጂው ምን ይጠቅመዋል? የዐሥር ብር ካርድ ሞልቶ ሳይደውልበት ያለቀበት ሰው ቴሌን ይሰድባል፤ ካርድ የሸጠችለትን ልጅ ይጠራጠራል፤ ወይም ታናሽ ወንድሙን ሳትነካው አልቀረህም ብሎ ይገርፋል። ሌባው በኪሱ ውስጥ እንዳለ ማን ይነግረዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። በስልክ ማኅደር ውስጥ ሁለት ክፍል አለ። አንዱ ባለቤቱ ፎቶውንና ዘፈኑን የሚያስቀምጥበት፣ አፕ የሚጭንበትና የሚያነሣበት ነው። ሁለተኛው የስልኩ ሲስተም የሚኖርበት ነው፤ ይኸኛው ለባለቤቱ የተዘጋ ነው። መዘጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ወንበዴ ፕሮግራም ዘው ብሎ ይገባበት ነበር። ነገር ግን ክፉው ነገር አስቀድሞ ከውስጥ ከተቈለፈበት፣ ያው መዝጊያ ባለቤቱን ከልክሎ ሌባውን ይጠብቃል። በኤክስሄልፐር የተለከፉ ብዙ ሰዎች ስልካቸውን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርገው ቢያጠፉትም ተመልሶ የበቀለባቸው ስለዚህ ነው። ቤቱን ሸጦ አንዷን ጓዳ ቈልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሄደ ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ግን በየኪሳችን እንዲህ ያለ ጓዳ ይዘን እንዞራለን።

ይህ ስርቆት ነው፤ ስርቆት ደግሞ ክፉ ለመሆኑ ክርክር የለውም። የሚያከራክረው በመልካም ስም የሚመጣው ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ሪኮል የሚባል ነገር ከዊንዶውስ ጋር ሊሰጥ መሆኑን ነገረን። ሪኮል በየጥቂት ሰከንዱ የኮምፒዩተሩን ገጽ ፎቶ እያነሣ ያስቀምጣል፤ ሰውየው በኋላ የረሳውን ነገር ፈልጎ እንዲያገኝ ነው ተባለ። ዐሳቡ መልካም ይመስላል፤ የማይረሳ ማን አለ? ዳሩ ግን ደብዳቤህን፣ የሐኪም ወረቀትህን፣ የባንክ ሒሳብህን ሁሉ ፎቶ አንሥቶ የሚያስቀምጥ አሽከር፣ እርሱ ታማኝ ቢሆን እንኳ ሣጥኑን የሰረቀ ሰው ሁሉን ያገኛል። ባለሙያዎች መርምረው ማኅደሩ በቀላሉ ሊነበብ እንደሚችል አሳዩ። ጩኸቱ ስለ በረታ ኩባንያው በሰኔ አዘገየው፤ ባለቤቱ ወድዶ ካልከፈተው በቀር እንዳይሠራ አደረገ፤ ማኅደሩንም አመሰጠረና በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. አወጣው። መጀመሪያውኑ ሳይጠየቁ ይህን ለማድረግ ምን ከለከላቸው? እኔ እስካሁን አልገባኝም።

ጎግልም እንዲሁ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. አሶሼትድ ፕሬስ እንደ ገለጠው፣ «የቦታ ታሪክ» የሚለውን ያጠፋ ሰው እንኳ የዋለበት ቦታ በሌላ በር ይመዘገብ ነበር። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኩባንያው ከ40 የአሜሪካ ግዛቶች ጋር ታርቆ 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ጠፋ ተብሎ ያልጠፋ መብራት ማለት ይህ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ስለዚህ እነዚህ ኩባንያዎች «እስማማለሁ» በል ብለው የሚያቀርቡልንን ውል እንደ ቅኔ ሰሚ ሆኜ ልመዝነው። ሰሙ «አገልግሎታችንን ለማሻሻል» የሚለው ነው። ወርቁ ግን ያለህበትን፣ የምትወደውን፣ የምትገዛውን ማወቅና ለማስታወቂያ ማዋል ነው። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘውና እንዲደሰት ነው፤ ሰሚው ሲያገኘው ባለቅኔው ይከብራል። የውሉ ጸሐፊ ግን አንባቢው እንዳያገኘው ይሰውራል፤ ቢገኝበትም ያፍራል። ርዝመቱም ሰው እንዲያነብበው የተጻፈ አይመስልም፤ ብዙ ጊዜም በእንግሊዝኛ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ከታች የሚሰጠው ምርጫ ነው። በብዙ ስፍራ አንደኛው «እሺ»፣ ሁለተኛው «ሌላ ጊዜ» ይላል። «እምቢ» የሚባለው ቃል የት ደረሰ? «ሌላ ጊዜ» ያለ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይጠየቃል፤ እስኪታክተው ድረስ ይጠየቃል። ልጅን በሽማግሌ እየደጋገሙ ለምኖ ማግባት ወግ ነው፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ግን ቁርጡን ከተነገራቸው ይመለሳሉ።

አንዳንድ ወጣት «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ይላል። ሰው ለነፍስ አባቱ የሚናገረውን በገበያ መካከል አይናገረውም፤ ወንጀለኛ ስለ ሆነ ግን አይደለም። ደግሞም በስልክህ ውስጥ ያለው ያንተ ብቻ አይደለም፤ የእናትህ ቁጥር፣ የጓደኛህ ፎቶ፣ የእኅትህ መልእክት አለበት። እነርሱ «እስማማለሁ» አላሉም። ቴሌብር ከተጀመረ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብም እዚያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግጭት በሰፈነበት በክልላችን ደግሞ፣ የት እንደ ዋልህ የሚመሰክር መዝገብ በማን እጅ ሊወድቅ እንደሚችል ማሰብ የፈሪ ሥራ ሊባል አይገባውም።

የዚያኑ ያህል ሁሉን የሚጠራጠሩትን አልወድም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ የሰይጣን ሥራ ነው ያሉ ነበሩ ይባላል፤ ዛሬም ስልክ ቀንና ሌሊት ወሬያችንን ሁሉ እየሰማ ለኩባንያ ያወራል የሚሉ አሉ። ይህ በማስረጃ አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ሌላ ነው፤ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. እንደ ታወቀው፣ የአፕል ድምፅ ሰሚ ሲሪ ሳትጠራ በስሕተት እየነቃች የቀረጸችውን ሰዎች ጭምር ያዳምጡት ነበር፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። እውነቱ ይህን ያህል ከከፋ ማጋነን ምን ያስፈልጋል? ከፍርሃት የተነሣ የሲስተም ማሻሻያን አልቀበልም የሚልም ራሱን ይጎዳል፤ የሌባ መግቢያ ቀዳዳ የሚደፈነው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነውና።

ሕግ የለንም እንዳይባል አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወትና በስልክ የሚደረግ ግንኙነቱን ያከብራል። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ በምን አኳኋን እንደሚሰበሰብ ይደነግጋል፤ ጠባቂውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለዐዋጁ ግን ጠያቂ ያስፈልገዋል፤ ከወጣቱ በቀር ማን ይጠይቅ?

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፈቃድ የሚለውን ክፈቱ፤ ማይክሮፎኑን፣ ካሜራውንና ያላችሁበትን ቦታ እነማን እንደሚያዩ ተመልከቱ። የማያስፈልገውን ከልክሉ። የማይነሣውን አፕ ቢያንስ «አሰናክል» በሉት። ይህንም አልቀበልም የሚል ይኖራል፤ የእርሱን ስም በወረቀት ጻፉ፤ ሌላ ስልክ ስትገዙ ገንዘቡን ከመቍጠራችሁ በፊት ወረቀቱን ለሻጩ አሳዩትና ይህ ነገር በዚህኛውም ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁት። የአያቶቻችሁንም ስልክ አብራችሁ እዩላቸው።