ለገዳሪፍ ሙቀት የተፈጠረች ዓሣ

በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በጋላባት፣ ከድንበሩ ወዲህም በመተማና በገንዳ ውኃ የምትኖሩ ዓሣ ወዳጆች፣ ስሙኝ! ሳሎናችሁ ውስጥ አረንጓዴ ተክል የበቀለበት አኳሪየም ተመኝታችሁ፣ «በዚህ ሙቀት ምን ዓሣ ይኖራል?» ብላችሁ የተዋችሁት ሁሉ፣ መልሱ ተገኝቷል። ዜብራ ዳኒዮ ትባላለች። ቁመቷ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የምትሰጠው ደስታ ግን በሴንቲ ሜትር አይለካም።

በመንጋ ስለሚዋኙ ትንንሽ ዓሦች ሲወራ መጀመሪያ የሚጠራው ኒዮን ቴትራ ነው። ውበቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን አገሩ የአማዞን ጫካ ነው፤ ውኃው ለስላሳ፣ ኮምጠጥ ያለና ጥላ ያረፈበት። የእኛን የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጥቂት ቀን ሲፈላበት የከረመ ማንቆርቆሪያ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ይሸፈናል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የአኳሪየሙም ውኃ አብሮ ይሞቃል። ኒዮንን እዚህ ማምጣት ዕድሜውን ሙሉ ከውኃው ጋር እንዲታገል መፍረድ ነው። ዓሣ የሚመረጠው በቀለሙ ሳይሆን በውኃው ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀልለታል።

ዳኒዮ ግን! አገሯ ሕንድ፣ ባንግላዴሽና ኔፓል ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፍራንሲስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ጋንጀስ ዓሦች ባሳተመው መጽሐፍ ለሳይንስ አስተዋወቃት። የምትኖረው በሩዝ ማሳ ዳር፣ በቦይና ጥልቀት በሌለው ጅረት ነው፤ ዝናሙ ሲመጣ ሜዳውን አጥለቅልቆ፣ በጋ ሲገባ ወደ ኩሬ በሚሰበሰብ ውኃ። ተመራማሪዎች በተፈጥሮ መኖሪያዋ ከ38 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውኃ ውስጥ ሳይቀር አግኝተዋታል!

ታዲያ ይህ ውኃ የእኛው ጓንግ አይደለምን? ጓንግ ድንበር ተሻግሮ አትባራ ሲሆን፣ በበጋ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1861 በደረቀው አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ጎርፉ በሌሊት እያስገመገመ ደረሰ፤ ሲነጋ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት ያለው ወንዝ ፊቱ ተዘርግቶ ነበር። ዳኒዮ እንዲህ የሚሞላና የሚጎድል ውኃ ልጅ ናት። ዝምድናም አላት! የሥጋ ዘመዶቿ በናይል ውስጥ ይዋኛሉ፤ ኬላኢቲዮፕስ ቢቢ የተባለችው ብርማ ትንሽ ዓሣ የዚያው የዳኒዮ ቤተሰብ ናት።

አሁን ቀረብ ብላችሁ ተመልከቷት። ከጉንጯ ጀርባ ተነሥተው እስከ ጅራቷ ክንፍ የሚዘልቁ ሰማያዊ መስመሮች፣ በመካከላቸው የወርቅና የብር ነጸብራቅ። ከአፏ ጎን ሁለት ጥንድ ቀጫጭን ጢሞች። ወንዱ ቀጠን ብሎ ወርቃማ ነው፤ ሴቷ ሆዷ ሞላ ብሎ ወደ ብርማ ታደላለች። ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ ካያችሁ ደግሞ ወንዶቹ ሴቶቹን በተክሉ መካከል ሲያሳድዱ፣ ዕንቁላሉ እንደ ብርጭቆ ፍርፋሪ ወደ ጠጠሩ ሲበተን ታያላችሁ። ወላጆቹ ያገኙትን ዕንቁላል ይበላሉ፤ ጠጠርና ጥቅጥቅ ያለ ተክል ከኖረ ግን የሚተርፈው ይተርፋል፤ በሁለት ሦስት ቀን ይፈለፈላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው መንጋው ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዳኒዮ ብቻ ከሆኑ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ይጨነቃሉ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ግን ንትርኩ ለሁሉም ይከፋፈልና ሰላም ይወርዳል። በጎናቸው በተዘረጋው፣ የውኃን ንቅናቄ በሚሰማ የስሜት መስመርና በዓይናቸው እየተጠባበቁ በአንድ ጊዜ ይታጠፋሉ። አዳኝ ከመካከላቸው አንዷን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል፤ መንጋ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ከአምስት ዓይነት ሁለት ሁለት ከመግዛት፣ ከአንድ ዓይነት አሥራ ሁለት ግዙ። አኳሪየሙም ከፍ ያለ ሳይሆን ረዘም ያለ ይሁን፤ 80 ሴንቲ ሜትር ቢኖረው እንዴት ያለ ሩጫ ታያላችሁ! ክዳን ግን አይቅር፤ ዳኒዮ ትዘላለች።

ተክሉስ? እዚህ ላይ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል። ያ ማንቆርቆሪያ የሚያበላሽ ጠንካራ ውኃ ለቫሊስኔሪያና ለሴራቶፊለም ምግብ ነው! ሁለቱ ተክሎች በውኃው ውስጥ ካለው ባይካርቦኔት ካርቦን ስበው ያድጋሉ፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ማስገቢያ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ቫሊስኔሪያ እንደ ጥብጣብ እየረዘመ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሥር የሌለው ሴራቶፊለም ተንሳፎ ጥላ ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ያህል መብራት ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፤ ኦክስጅን። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7.5 ይወርዳል። ተክሉም በሌሊት እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። ዳኒዮ ሙቀት ብትችልም አታሰቃዩዋት፤ የአየር ፓምፑ ሌሊቱን ይሥራ፣ በቀን ቬንትሌተር ወደ ውኃው ገጽ ይንፋ። ውኃው ሲተን ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። የጎደለውን ስትሞሉ፣ ከቧንቧ የቀዳችሁትን ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ አሳድሩት።

ምግቧ ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። በክረምት በርሜል ውስጥ የሚንቀለቀለውን የትንኝ እጭ በወንፊት አውጥታችሁ ጣሉላት፤ መንጋው እንደ መብረቅ ይሠነጠቃል! በጎረቤትነት ፕላቲ ይስማማታል፤ ጠንካራ ውኃ ይወዳል። ክንፉ የረዘመ ዝግተኛ ዓሣ ግን አታስገቡባት፤ ክንፉን ትነጭበታለች።

ይህች ትንሽ ፍጥረት በዓለም ቤተ ሙከራዎች ምን ያህል እንደምትከበር ብታውቁ! የልቧ አንድ አምስተኛ ተቆርጦ በሁለት ወር መልሳ እንደምታበቅለው እ.ኤ.አ. በ2002 ታየ። በ2013 ሙሉ ጂኖሟ ሲታተም፣ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በእሷ ዘንድ ቢያንስ አንድ አቻ እንዳላቸው ተገለጠ።

ብትበዛባችሁ ለጎረቤት ስጡ እንጂ ወደ ጓንግም ሆነ ወደ አትባራ አትልቀቋት፤ ወንዙ የራሱ ዓሦች አሉት፣ እንግዳ አይሻም። የቀረው ነገር ቀላል ነው። መጀመሪያ ተክሉን ትከሉ፣ ውኃው ጥቂት ሳምንት ይርጋ፣ ከዚያ ዳኒዮዎቹን አስገቡ። ሻጩ «ስንት ልስጥህ?» ሲላችሁ አትሰስቱ፤ አሥራ ሁለት በሉ!