ሁለት እምነት በአንዲት ነፍስ፤ በያዕቆብ መልእክት 2፥1-4 ላይ

ቅዱስ ያዕቆብ ባለጠጋውን በክብር ቦታ አስቀምጦ ድኻውን የሚያዋርደውን ጉባኤ ይወቅሳል። ይህ ስለ ሀብት የተነገረ ነው፤ አንድም ስለ መልክና ስለ ዘር ነው ብንል ከምሥጢሩ አንወጣም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ያነሣሁት ጥቁር አሜሪካዊቷ መምህርት ጃን ዊሊስ ስለ ሕይወታቸው የጻፉትን መጽሐፍ ስለ መረመርሁ ነው። መጽሐፉ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታትሞ፣ በ2008 እንደ ገና ሲወጣ ጥቁር፣ ባፕቲስትና ቡድሂስት መሆናቸውን በርእሱ አስታወቀ። በአላባማ በበርሚንግሃም አጠገብ በማዕድን ሠራተኞች መንደር አደጉ፤ በባፕቲስቶች ቤተ ክርስቲያን ተጠመቁ፤ በ1963 ከዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወገን ጋራ ተሰለፉ። የጥቁር ጠላቶችም በቤታቸው ደጅ መስቀል አቃጠሉ። ክርስቲያን ነኝ የሚል መስቀል ሲያቃጥል ልጅቱ ምን ትማር? በ1969 በኔፓል ከቲቤት የተሰደዱትን ላማ የሼን አግኝተው ደቀ መዝሙር ሆኑ። ዘረኝነት በልባቸው የተከለውን ራስን የመናቅ ደዌ በእርሳቸው ትምህርት እንዳስታገሡ ጽፈዋል። መጽሐፉ በዚህ ስፍራ እውነተኛ ነው፤ ቍስሉን አይሸፍንም።

ነገር ግን በጭንቅ ጊዜ ሁለቱንም እጠራለሁ ሲሉ ከዚያ ላይ እለያቸዋለሁ። አንዱ ፈጣሪን ይለምናል፤ ሁለተኛው ፈጣሪ ሳይል ያስተምራል። የቡድሃ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1553 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት መጽሐፈ በራላም ወይዋስፍ ሥሩ እርሱ እንደ ሆነ ሊቃውንት አረጋግጠዋል። በቤተ መንግሥት ተዘግቶ ያደገው የህንድ ንጉሥ ልጅ ድውይንና ሽማግሌን አይቶ ዓለምን ናቀ። አባቶች ግን ታሪኩን ሲቀበሉ ልጁን ወደ ጥምቀት አደረሱት እንጂ ሁለት መንበር አላቆሙለትም።

የኒውዮርክ አቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይታሰብ። በ1808 ጥቁሮች ምእመናን ከኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ጋራ፣ መቀመጫ በቀለም መለየቱን እምቢ ብለው ወጥተው እንደ መሠረቷት ይነገራል። በአገራችን ስም ጠሯት፤ ወንበሩን ትተው ክርስቶስን ይዘው ሄዱ።

ታዲያ ይህን አንብቤ አሜሪካን ብቻ ልወቅስ ነበር። ነገር ግን «ቡድሃ» የሚለውን ስም በደራ ለአንድ ሽማግሌ ባነበብሁለት ጊዜ «ቡዳ» መስሎት አማተበ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። በዲቁናዬ ዘመን አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻውንና ማጭዱን ሁሉ ከእጁ ይገዛ ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ግን «ቡዳ ነው» እየተባለ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ይቆም ነበር፤ ሰውም ልጆቹን ይሸሽግበት ነበር። እኔም መስቀል ይዤ በአጠገቡ አልፍ ነበር። አንድ ፋሲካ ሳይመጣ ቀረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ወዴት እንደ ሄደ አልጠየቅሁም።