የማክሰኝት የጭቃ ቤት

ጎንደር ላይ በኖራ የታነጸውን የዐፄ ፋሲለደስን ግንብ አይቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ፣ ልቡ በዚያ ግርማ እንደ ተመሰጠ ነውና፣ በማክሰኝት ዙሪያ የቆሙትን የጭቃ ቤቶች ልብ ሳይላቸው ያልፋል። እኔ ግን እነርሱን ከልቤ አደንቃለሁ። ኖራና ሲሚንቶ ድንጋይ በእሳት ካልጋየ አይገኙም፤ ምርግ ግን ከአራቱ ባሕርያት መሬትና ውኃ ተዋሕደው፣ ነፋስ አድርቋቸው፣ ያለ እሳት የሚጸኑበት ጥበብ ነው። ከደጅ የተቆፈረው አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ በደቦ በተሰበሰቡ ጎረቤቶች እግር ተረግጦና ለቀናት ቦክቶ በማገሩ ላይ ሲመረግ፣ ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ከመሰንጠቅ ይጠብቀዋል፤ የግድግዳውም ውፍረት የቀኑን ሐሩር አዘግይቶ የሌሊቱን ቁር ያለዝባል። እርግጥ ነው፣ ዝናብ ይሸረሽረዋል፤ ስለዚህም ክረምቱ ሲወጣ የቤቱ እመቤት በእበትና በአፈር መልሳ ትለቀልቀዋለች።